ያንን ወረቀት ንቀሉልኝ!

እናንተ የዘመን ባልንጀሮቼ፣ ጉልበታችሁ የሚቆረጥማችሁ፣ መነጽራችሁን ግንባራችሁ ላይ ሰክታችሁ ቤቱን ሙሉ የምታስሱ፣ ትፈርዱልኛላችሁ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። የዛሬ ልጆችማ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ የተሻሻለ እትም ወጥቷል ይሉኛል።

ነገሬ ስለ ሐኪም ቤት ነው፤ ሆስፒታል ስለምትሉት። ዕድሜዬን ነጭ ጋውን ለብሼ በነርስነት ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ ዐርፌ ልቀመጥ ስል፣ የኅብረተሰብ ተወካይ ነህ ብለው የሆስፒታሉ ሥራ አመራር ቦርድ ውስጥ ከተቱኝ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ታምሜ የምተኛበት እሱ ነው።

እዚያ ተቀምጬ የምሰማው አንድ ነገር ነው፤ ጋይድላይን። ብሔራዊው ጋይድላይን ተቀይሯል፣ የኛ ፕሮቶኮል ከሱ ጋር አልተጣጣመም፣ ይጣጣም፣ ማን ያጣጥመው፣ ኮሚቴ ይቋቋም። ኮሚቴው ሲቋቋም ጋይድላይኑ ደግሞ ይቀየራል።

በኛ ጊዜ ይህ ሁሉ ጣጣ የት ነበር? አንድ ደንብ ነበር፤ አንድ ብቻ! ሰኞ ኩባዊው ዶክተር ተረኛ ሲሆን በኩባ ደንብ እናክማለን፤ ረቡዕ ሶቭየቱ ሲገባ በሶቭየት፤ ዓርብ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ከተከፈተው ከጎንደሩ የጤና ኮሌጅ የወጡት ሄልዝ ኦፊሰራችን በጎንደር ደንብ። ሳምንት የተኛ በሽተኛ የሦስት አገር ሕክምና ቀምሶ ይወጣ ነበር። ማንም ግን ግራ አይጋባም፤ ሦስቱም ዞር ሲሉ የነርሶቹ አለቃ ማትሮኗ ያለችው ነውና የሚሆነው። ማትሮኗ ከየት አመጣችው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ዛሬ ትናንት የመጣ ኢንተርን «ማስረጃው ምንድን ነው?» ይላል። ማትሮኗን ማስረጃ ቢጠይቃት ኖሮ ቀኑን ሙሉ ፖፖ ሲያጥብ ይውል ነበር።

ሰርኩላርም ቢሆን ወግ ነበረው። በጽሕፈት መኪና ተመትቶ፣ በካርቦን ተባዝቶ፣ በጠቅላይ ግዛት በኩል አልፎ፣ አውራጃ ዐርፎ፣ ባሕር መዝገብ ላይ ሰፍሮ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ጸሐፊው ጡረታ ይወጣል። ስለዚህ ሰላም ነበርን። ለውጥ ሲመጣ ተለማምደነው ነው የሚደርሰን፤ ወይ ደግሞ ከነጭራሹ አይደርሰንም፤ ይኸም አንድ ነገር ነው።

የወባን ነገር ላንሳ። ክሎሮኪን ነበረን፤ ነጭ፣ መራራ፣ የማይከዳ። የዋጠው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ገላውን ሲያክ ያድራል፤ ማሳከኩ ነበር መድኃኒቱ መግባቱን የሚነግረን። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1998 ወባዋ ተላምዳዋለችና ፋልሲፓረም ለተባለችው የወባ ዓይነት ፋንሲዳር ስጡ ተባለ። እሺ፤ ፋንሲዳርም መልካም ነው፣ አንዴ ውጦ መገላገል ነው። ስሙን በወጉ መጥራት ስንጀምር፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ እሱንም ተላምዳዋለች፣ ኮአርተም ስጡ የሚል መጣ። ለአዋቂ አራት አራት ፍሬ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሦስት ቀን፤ በድምሩ 24 ፍሬ። ትኩሳት ያጋለው ሰው ሂሳብ ይሥራ? ያውም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይዋጥ ይላሉ፤ ጾም እንደሆነስ? ቫይቫክስ ለተባለችው ለሌላዋ ወባ ግን ክሎሮኪኑ ይቆይ ተባለ፤ ኋላም ጉበት ውስጥ የምትደበቀዋን ለመጨረስ የ14 ቀን ፕሪማኪን ታከለበት። እዩልኝ እንግዲህ! ክሎሮኪን ዛሬም ሥራ ላይ ነው። እኔ ምን አልኩ? ወባዋ ናት የተበላሸችው፣ መድኃኒቱማ ደህና ነበር።

የሳንባ ነቀርሳውን መድኃኒት እንኳ ተዉት፤ ስምንት ወር ይወሰድ የነበረው ስድስት ወር ሆነ። ሰው ለማዳንም ጥድፊያ!

እርግዝናም አልቀረለትም። ነፍሰ ጡር አራት ጊዜ ትታይ ይባል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ስምንት አለ፤ የኛም አገር ተከትሎ ስምንት አደረገ። የኛ ቤት ካርድ ግን አራት ሳጥን ብቻ ነው ያለው፤ ብዙ ታትሞ ነበርና እስኪያልቅ ይሠራበት ተባለ። አዋላጇ አምስተኛውን ክትትል ካርዱ ጠርዝ ላይ ጻፈች፣ ስድስተኛውን ጀርባው ላይ፣ ሰባተኛውን የት እንደጻፈችው እግዜር ይወቅ። መመሪያው ስምንት ይላል፣ ካርዱ አራት ይላል፣ ሪፖርቱ ሌላ ይላል። እናቴ ነፍሷን ይማረውና ዘጠኝ ወልዳ አንድ ቀን ሐኪም አላያትም፤ አምስታችንን አሳድጋለች። ምን ጎደለን?

ሆዴን ሲያቃጥለኝ የኖረው ግን ግድግዳው ነው። ማዋለጃ ክፍሉን ያኔ ገብታችሁ ባያችሁት! የድሮ ጭቃ ቤት በጋዜጣ እንደሚለበጠው ወረቀት በወረቀት ላይ ነበር። ከላይ በላስቲክ የተሸፈነ አዲስ ገጽ፤ ከሥሩ ፀሐይ ቀዩን ሮዝ ያደረገበት የድሮ ሠንጠረዥ፤ ከዚያም ዝቅ ብሎ፣ ጠርዙ የተጠቀለለ፣ በቁስል ፕላስተር የተለጠፈ የእጅ ጽሑፍ። የላይኛው፣ በእርግዝና ደም ግፊት ለሚያንቀጠቅጣት እናት ማግኒዥየም ሰልፌት ስጡ ይላል፤ 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ብሎ፣ በእያንዳንዱ መቀመጫ 5 ግራም፣ ከዚያ በየአራት ሰዓቱ 5 ግራም፤ ከመድገማችሁ በፊት ትንፋሿ ይቆጠር፣ ጉልበቷ ሲነካ እግሯ ይወረወር እንደሆነ ይታይ፣ ሽንቷ ይለካ፣ ካልሲየም ግሉኮኔት ከአጠገብ አይጥፋ። የታችኛው ዳያዜፓም ይላል። ማግኒዥየሙ እንደሚበልጥ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የብዙ አገሮች ጥናት ከነገረን ስንት ዘመን ሆነ፤ ወረቀቱ ግን አልሰማም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ አምፖሉ ደክሞ፣ ሴትዮዋ እየተንቀጠቀጠች፣ ተረኛዋ ቀና ስትል ዓይኗ ያረፈበትን ነው የምታነበው። ረጅሟ ተረኛ በአዲሱ ታክማለች፣ አጭሯ በአሮጌው። ሕክምናው በቁመት ሆነ እኮ ጎበዝ!

ዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ብሔራዊው የጠቅላላ ሆስፒታሎች የሕክምና መመሪያ ሦስተኛ እትሙ 2014 ይላል፤ በፈረንጅ መሆኑ ነው። አራተኛው 2021፤ እሱም በፈረንጅ። የኛ ቤት ፕሮቶኮል 2013 ይላል፤ በራሳችን። አንድ ትጉህ ልጅ ሦስተኛውን እትምና የቤቱን ፕሮቶኮል ጎን ለጎን አስቀመጠና፣ 2014 ከ2013 ይበልጣል ብሎ የቤቱን መስመር በመስመር እያረመ ስድስት ዓመት ያህል ወደ ኋላ መለሰው። ማንም ነገሬ አላለውም፤ ፊርማና ማኅተም ነበረበታ። አራተኛው እትም ቦርዱ ፊት ሲቀርብ ግን እኔ አለሁ። ገና ያልደረሰ ዓመት የተጻፈበትን ሰነድ አላጸድቅም ብዬ እስክሪብቶዬን ኪሴ ከተትኩ። ሊያስረዱኝ ተሯሯጡ። ገብቶኛል፤ ቢሆንም በመርህ ደረጃ ትክክል ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ።

ይኸ የመመሪያ አለመጣጣም ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ጎረቤቴ የደም ግፊት አለበት። እዚህ አንድ መድኃኒት ጀመሩለት፤ በሪፈር የሄደበት ቤት ያንን ተው፣ ይኸን ውሰድ አለው፤ የሪፈር ወረቀቱን ጽሑፍ ያነበበለት የለም። እሱ ታዲያ ሁለቱንም ይውጣል። «ሁለቱም ሐኪሞች ናቸው፣ አንዱን ማስቀየም አልፈልግም» ይላል፤ ሲነሳ ዓይኑ ላይ እየጨለመበት። እኔ ነኝ ወደ ሐኪም መልሼ የላክሁት።

የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴው ጸሐፊ አንዲት ፋርማሲስት ናት፤ በሥራው ገና ጥርሷን ያልነቀለች ልጅ። የማግኒዥየሙን ፕሮቶኮል አዲስ ጻፍኩ ብላ ሁለት ገጽ ይዛ መጣች። ሁለት ገጽ! የድሮው አርባ ገጽ ነበር፤ ክብደቱ ብቻ ያስከብራል። ገለጥኩት፤ የመድኃኒቱ መጠን የለበትም።

«ልጄ፣ መጠኑ የታለ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ መጠኑ ብሔራዊው ላይ አለ፤ ግድግዳው ላይም የምንለጥፈው የእሱኑ ገጽ ነው። እኛ በገለበጥን ቁጥር እነሱ ሲያሻሽሉ የኛው አርጅቶ ይቀራል። እዚህ የጻፍኩት እነሱ ሊያውቁት የማይችሉትን ነው።»

እነሱ የማያውቁት ምን ይሆን ብዬ አነበብኩ። ማግኒዥየሙ የሚቀመጠው ማዋለጃ ክፍል፣ ከመስኮቱ በስተግራ ባለው ቁምሳጥን ነው ይላል። ቁልፉ የሚያድረው ተረኛ አዋላጇ አንገት ላይ ነው እንጂ ፋርማሲ አይደለም ይላል። አምፑሉ ሲያንስ ማን ለማን ይደውላል፤ ሐኪሙ ስልክ ካላነሳ ቀጥሎ ማን ይጠራል፤ አምቡላንሱ መንገድ ላይ ከሆነ እናትየዋ በምን ትሄዳለች። ከግርጌው ደግሞ ብሔራዊው ስንተኛ እትም፣ ስንተኛ ገጽ እንደሆነ፤ ቀኑ በኛም በፈረንጁም፤ እንደገና የሚታይበት ወር፤ አሮጌውን ወረቀት ከግድግዳ የሚነቅለው ሰው፣ በስሙ።

ይኸ ፕሮቶኮል ነው? ይኸ የዘበኛ ማስታወሻ ነው! ቁልፍ የት እንዳለማ በኛ ጊዜ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማትሮኗ ቤት ነው። ሌሊት የፈለገ ሄዶ ይቀሰቅሳታል። ብዙም አይርቅም፤ ወንዙን እንደተሻገሩ ነው።

ቆይ ላጥምዳት ብዬ፣ ብሔራዊው ያዘዘው መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ሲጠፋስ አልኳት። «ኮሚቴው ምክንያቱን ጽፎ ጊዜያዊ ምትክ ያወጣል፤ የሚያበቃበት ቀን ግን ይኖረዋል» አለች። የሚያበቃበት ቀን! በኛ ዘመን ጊዜያዊ የተባለ ነገር ሃያ ዓመት ያገለግል ነበር፤ ያኔ ጥራት ነበር።

ሥልጠናውስ? ድሮ አዲስ መድኃኒት ሲመጣ ማትሮኗ አንድ ጊዜ ተቆጥታ ታስተምረናለች፤ አንረሳም። ዛሬ የሆቴል አዳራሽ፣ ስክሪን፣ የሻይ ዕረፍት፣ ከዚያ የአበል ወረፋ። ለዕውቀት አበል፣ ነውር አይደለም? በኛ ጊዜ አበል ገና ከቤት ሳንወጣ ተቆጥሮ በእጃችን ይሰጠን ነበር። የሠለጠነውም ሲመለስ ለባልደረቦቹ ያካፍላል ይባላል። የሚያካፍለው ማስታወሻ ደብተር ነው፤ እሱንም ሳይጨርሱት ይዛወራል።

ቴሌግራም የሚሉት ደግሞ አለ። አንዱ ተነስቶ ሦስተኛውን እትም «አዲስ ወጣ» ብሎ ይለቀዋል፤ አንድም ሳይከፍተው መቶ ሰው አውራ ጣቱን ያቆምለታል። እኔ ተናድጄ ምሬቴን በድምፅ ቀርጬ የጡረተኞች ቡድናችን ላይ ለቀቅሁት። ወዲያው፣ ገና መላኩን ሳይጨርስ፣ ሁሉም አውራ ጣት ሰጡኝ። ቁም ነገር የሚሰማ ሰው ገና አልጠፋም።

እኔ ወሬ ብቻ አይደለሁም። ግድግዳ ላይ ያለ፣ ቀንና እትም ያልተጻፈበት፣ ከብሔራዊው ጋር የማይስማማ ወረቀት በሙሉ ይነቀል ብዬ ጠረጴዛ መትቼ ያስወሰንኩት እኔ ነኝ። ልጅቱ በማግስቱ መሰላል ይዛ ዞረች። ድንገተኛ ክፍሉን ጨረሰች፣ ማዋለጃውን ጨረሰች፣ መርፌ ክፍል ደረሰች። እዚያ አንድ ጽሑፍ አለ፤ መስታወት የገባ፣ በቀይና በጥቁር ቀለም የተጻፈ። የመስታወት ሲሪንጅ 20 ደቂቃ ይቀቀል፣ የዶለዶመ መርፌ በድንጋይ ይሳል ይላል። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ እንዲህ ያለ ፊደል የሚጥል ዛሬ የለም።

«ጋሼ፣ ይኸም ይነቀል አይደል?» አለችኝ መሰላሉ ላይ ሆና።

ውረጂ ልጄ፣ ትወድቂያለሽ አልኳት። ቀን ምን ያደርግለታል? እትም ምን ያደርግለታል? ልክ የሆነ ነገር አያረጅም።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ አጀንዳ አስይዣለሁ፤ ስለ ቦርዱ ሻይ። ድሮ ስብሰባ ላይ ሻይ ከትኩስ ዳቦ ጋር ነበር የሚቀርበው፤ ዛሬ የታሸገ ውኃና ሁለት ብስኩት። በየሆስፒታሉ ደግሞ እንደየቤቱ ነው፤ እዚህ ብስኩት፣ እዚያ ኬክ፣ ሌላው ጋ ምንም። ለዚህ ነገር ብሔራዊ ጋይድላይን ይውጣልኝ፤ የኛም ቤት አንዲት ፊደል ሳይቀይር ይከተል!