አሥራ አንድ ደቂቃ የጨፈረችው ንብ

ተረት ተረት።

የላም በረት።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ፣ በሐረጎ ቁልቁለት ጥግ፣ አንድ አባወራ ይኖር ነበር። ከቤቱ ጣሪያ ክፈፍ ሥር በእበትና በጭቃ የተለቀለቀ ረጅም ቀፎ ሰቅሏል። በዚያ ዓመት ክረምቱ ደግ ዋለና መስከረም ሲጠባ ጋራው ሁሉ አደይ አበባ ለበሰ። ንቦቹ በዙ፣ ቀፎው ጠበበ። ማር ከሚቀመጥበት እጭ፣ እጭ ከሚያድግበት ማር ገባ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ግማሹ መንጋ አውራውን ይዞ ወጣና ደጅ ካለው ዋንዛ ቅርንጫፍ ላይ እንደ መነኩሴ ጢም ተንጠለጠለ።

ንብ አዲስ ቤት የምትመርጥበትን ሥርዓት ልንገራችሁ፤ ይህን ከተረቱ አትቁጠሩት፣ እውነት ነው። አውራዋ አታዝም። ጥቂት አሳሾች ይወጡና የዛፍ ሽንቁር፣ የግንብ ስንጥቅ፣ የገደል ፍርክታ ይፈልጋሉ። ያገኙት እንደሆነ ገብተው፣ ጨለማው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያሉ በእግራቸው ይለኩታል። ተመልሰው በመንጋው ጀርባ ላይ ይወዛወዛሉ። የውዝዋዜው አቅጣጫ የቦታውን አቅጣጫ ይናገራል፣ ርዝመቱም ርቀቱን፤ አንድ ሰከንድ ለአንድ ኪሎ ሜትር ግድም ነው። የሚያዩትም ጭፈራው ስላማረ ብቻ ተነሥተው አይከተሉም። ሄደው በዓይናቸው አይተው ይመለሳሉ። አይታ የወደደች ትጨፍራለች፣ አይታ ያልወደደች ዝም ትላለች። እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ ሸንጎ አላውቅም።

መጀመሪያ የተመለሰችው ወደ ደሴ የወጣችው ነበረች። አሥር ሰከንድ ያህል ተወዛወዘችና እንዲህ አለች፦

«እኅቶቼ፣ ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት የነበረው አይጠየፍ አጠገብ የድሮ ግንብ ስንጥቅ አግኝቻለሁ። የአዳራሹ ስም እንኳ እንግዳ አይጠየፍም። ባሕር ዛፉ ሞልቷል። ብርዱን ግን አልደብቃችሁም፤ ከተማው ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ የጦሳ ጉም እስኪነሣ ድረስ ክንፍ አይፈታም።»

ሁለተኛዋ ከኮምቦልቻ መጣች። እሷም አሥር ሰከንድ አካባቢ ጨፈረች።

«ቦርከና ዳር የግራር ሽንቁር አለ። ከኛ ዝቅ ያለ፣ ሞቃት ነው። ሰላም ብቻ ነው ብዬ ግን አልዋሽም። በጥቅምት 2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴንም ኮምቦልቻንም ሲይዝ ፋብሪካው ተዘርፎ፣ ሰዉ ተሰዶ እንደነበር ግንቡ ራሱ ይናገራል። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተሞቹ ወደ መንግሥት እጅ ተመለሱ፣ ሥራው ግን እንደ ሰዉ ፈጥኖ አልተመለሰም። ከአዋሽ የመጣውን ሐዲድም አይቻለሁ፤ እኔ በዋልኩበት ቀን ባቡር አላለፈበትም። ሽንቁሩ ደረቅ ነው፣ አፉ ጠባብ ነው፣ ጉንዳን የለበትም።»

ሦስተኛዋ ገና ለጋ ናት። ሐረጎ ጥግ ከቆመ የጭነት አይሱዙ ላይ የፈሰሰ ስኳር ስትልስ ውላ መጥታ ነው። መጨፈር ጀመረች። አንድ ደቂቃ ሆነ፤ አላቆመችም። አምስት ደቂቃ ሆነ፤ ወገቧ ይርገበገባል፣ ክንፏ ያፏጫል። መንጋው ውስጥ እንዲህ ያለ ጭፈራ ታይቶ አይታወቅም ነበርና ወጣቶቹ ሁሉ ዙሪያዋን ከበው አብረዋት መወዛወዝ ያዙ። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ቆመች።

«ሐዋሳ!» አለች እያለከለከች። «ከአዲስ አበባም ወዲያ፣ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ! ሐይቅ አለ፤ ዳሩን ይዞ ዋርካ አለ፤ አበባው ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም። እንሂድ!»

ከመንጋው መካከል ቀኝ ክንፏ ጫፉ ላይ የተቆረጠ አሮጊት አሳሽ ነበረች። ቀረብ ብላ በአንቴናዋ የልጅቷን ደረት፣ ከዚያም የኋላ እግሯን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ንብ ከአበባ ስትመለስ የዋለችበት አገር ሽታ ገላዋ ላይ ይቀራል፤ ብናኙም እግሯ ላይ።

«ልጄ» አለቻት፣ «ናፍጣ ትሸቻለሽ። የሐዋሳ አበባ ብናኝ የታለ?»

ልጅቷ ዝም አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ዝንቦቹ ናቸው፣ እትዬ። ከጭነት ጋር የሚመላለሱ ናቸው። አገሩን ያውቁታል።»

«ዝንብ አገሩን የሚያውቀው በወደቀው ነገር ነው። ቤት ሠርቶ ክረምት አላሳለፈበትም። አንቺ ስላላየሽው አገር አሥራ አንድ ደቂቃ ጨፈርሽ፤ እነዚህ ልጆች ደግሞ ስላላየሽው አገር ክንፋቸውን ሊከፍሉ ነው።»

በዚያው ሰዓት ከዋንዛው ሥር ሌላ ሸንጎ ተቀምጦ ነበር። የአባወራው ልጅ ኮምቦልቻ በሐምሌ 2009 በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ይሰፋ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። አሁን ሻንጣውን ዘግቶ ደጅ አስቀምጦታል።

«አባ፣ ሐዋሳ ልሄድ ነው። እዚያም እንደኛው ዓይነት ፓርክ አለ፤ የሰፋ ሰው ይፈልጋሉ ይባላል። አንቱ ምን ይላሉ?»

«ማነው ባዩ? ሄዶ ያየ ነው፣ ወይስ የሰማ?»

«ሁሉም ነው የሚለው።»

አባትየው መልስ ከመስጠቱ በፊት ብዙ ቆየ። እኔም እዚህ ላይ ተረቱን ገታ አድርጌ ስለ ዝምታው ልናገር። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም.፣ ከዚያ ክፉ ድርቅ መሐል፣ 600,000 ገደማ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ በመንግሥት ሠፈራ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል ተወስዷል። የሚበዛው የወሎ ሰው ነበር። ወዶ የሄደም አለ፣ ተገዶ የተጫነም አለ፣ ከቤተሰቡ ተነጥሎ የቀረም አለ። ደሴ ዙሪያ ባለ ቤት ሁሉ «መሄድ» የሚለው ቃል ሲነሣ ሽማግሌው ዓይኑን ወደ መሬት የሚጥለው ለዚህ ነው።

«እኔ ያኔ እንዳንተ ጎረምሳ ነበርኩ» አለ አባትየው። «መተከል፣ በለስ ሸለቆ፣ ፓዌ ነው የወሰዱን። መሬቱ ለም ነው አሉን። እውነታቸውን ነው፣ ለም ነበር። ወባውን ግን አልነገሩንም። እኛ ደገኞች ነን፣ ወባ በስሙ እንጂ አናውቀው። ገንዲውንም አልነገሩንም፤ በሬ ቢገኝ እንኳ የማይበረክትበት አገር ነው። እናቴን እዚያው ቀብሬያት መጣሁ። ግን እመንበት፣ ችለው የቀሩ አሉ፤ ወልደው ከብደው ዛሬ አገራቸው ሆኗል። አገሩን ጠልቼ አይደለም የምነግርህ።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል፣ አባ?»

«እኔን የጎዳኝ መሄዴ አልነበረም። ልመለስ ስል የምመለስበት አለመኖሩ ነው። ደርግ እስኪወድቅ፣ እስከ 1983 ድረስ ቀን ስቆጥር ኖርኩ።» ከወገቡ የታሰረውን ጨርቅ ፈታና ከውስጡ የታጠፈ ብር አወጣ። «ትላንት የቀፎውን ማር ሸጫለሁ። የመሄጃውን አንተ ፈልግ። ይሄ የመመለሻህ ነው። አይነካም። ሁለት ሳምንት እይና ያየኸውን ንገረኝ።»

ልጁ ብሩን ተቀብሎ ጉልበት ሳመ።

እላይ ዋንዛው ላይ አሮጊቷ ንብ ይህን ሁሉ ሰምታለች። ወደ ለጋዋ ዞረች።

«አንቺም ሂጂ። ለመንጋው ሳይሆን ለራስሽ እይ። የቀፎሽን ሽታ አትርሺ።»

መንጋው በማግስቱ፣ ፀሐይ ስትከርር፣ ወደ ኮምቦልቻው ግራር ወረደ። ሠላሳ የሚሆኑ አሳሾች ተራ በተራ ሄደው አይተውት፣ ለክተውት፣ ተስማምተው ነበርና በመንገድ ላይ የተከራከረ አልነበረም። ልጅቷ ግን በማለዳው አይሱዙው ሲነሣ ከሸራው እጥፋት ውስጥ ነበረች። ከሚሴን፣ ሸዋ ሮቢትን አለፈች፤ የጣርማ በር ዋሻ ሲውጣት ሌሊት መስሏት ክንፏን አጠፈች። አዲስ አበባ ላይ መኪና ቀየረች።

ሠራተኛ ንብ በአበባ ወራት የምትኖረው ስድስት ሳምንት ያህል ነው። ሁለት ሳምንት ማለት የዕድሜዋ ሲሶ ነው። ይህን አስቡልኝ።

በአሥራ አራተኛው ቀን ሐረጎ ላይ ወረደች። ዋንዛው ባዶ ነበር። መንጋው ተንጠልጥሎበት ከነበረው ቅርንጫፍ ላይ ግን እንደ ጥፍር የሳሳ ሰም ተጣብቆ ቀርቷል፤ እሱን አሸተተችና ሽታውን ተከትላ ቁልቁል በረረች። ግራሩ አፍ ላይ ስትደርስ ዘበኞቹ ሊመልሷት ነበር፤ ገላዋ እንግዳ ይሸታል። አሮጊቷ መጣች። ደረቷን ዳሰሰች፣ እግሯን ዳሰሰች። ከኋላ እግሯ ላይ ያልታወቀ ብጫማ ብናኝ አለ።

«ይኸውና» አለች አሮጊቷ። «አሁን ጨፍሪ።»

ልጅቷ ጨፈረች። አሥራ አንድ ደቂቃ፣ ግን ዝግ ብላ፤ አንድ ክንፏ ተሸንቁሯል። ሐይቁ እንዳለ ነገረቻቸው። ዋርካው እንዳለ ነገረቻቸው። አሞራ ገደል ዓሣ ከሚራገፍበት ቦታ አባ ኮዳ እንደ ሽማግሌ ተሰልፎ እንደሚቆም፣ በየሽንቁሩ ደጃፍ ቀድሞ የገባ ዘበኛ እንዳለ፣ አንድ ቀን ሙሉ ዞራ አንድ ባዶ ሽንቁር ብቻ እንዳገኘች፣ እሱም በዝናብ እንደሚያፈስ ነገረቻቸው። አበባው ግን እውነት ነበር። ማንም አልተከራከራት፣ ማንም አልሳቀባት። ወጣቶቹ አንድ በአንድ እየቀረቡ እግሯ ላይ ያለውን ብናኝ ሲያሸቱ አመሸ።

ማታውኑ የአባወራው ስልክ ጮኸ።

«አባ፣ ደኅና ነኝ። ፈትነውኝ ተቀብለውኛል። ደመወዙ ከኮምቦልቻው ብዙም አይበልጥ። አንዲት ክፍል ለአራት ነው የተከራየነው፤ ሁለታችን ሌሊት ስለምንሠራ በፈረቃ ነው የምንተኛው። ሰዉ ደግ ነው። ሲመሽ ሐይቁ ዳር እወጣለሁ። እስከ ገና እሞክረዋለሁ።»

«ብሩስ?»

«እንዳሰሩት አለ። ቋጠሮውን አልፈታሁትም።»

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። ሐዋሳም፣ አዳማም፣ አዲስ አበባም፣ ሪያድም ያላችሁ የወሎ ልጆች፣ ለበዓል ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ስትደውሉ ታናሽ ወንድም እኅቶቻችሁ ከስልኩ ዳር ተቀምጠው ይሰማሉ። ሐይቁን ንገሯቸው፤ ክፍሏን ለስንት እንደተከራያችኋትም ንገሯቸው።