ክንደ ብርቱውን አሠልጣኝ ስለ መምረጥ

ሥጋውን ሊያጸና ቆርጦ የተነሣና በቦሌ ወይም በአካባቢው ካሉት ጂሞች በአንደኛው የወር ክፍያውን የፈጸመ ሰው ሁሉ፣ ከብረቱ አስቀድሞ የሚከብደው የግል አሠልጣኝ መምረጥ ነው፤ ለዚህም በዘመናችን ሊቃውንት ዘንድ የጸደቀው መመዘኛ እጅግ ቀላል ሲሆን፣ እርሱም የአሠልጣኙን ክንድ መመልከት ነው። ክንዱ የከናቴራውን እጅጌ የወጠረ እንደ ሆነ ዕውቀቱ ምሉዕ ነው፤ እጅጌው የረገበ እንደ ሆነ ግን የትምህርት ማስረጃውን በግድግዳ ላይ ቢሰቅልም ምስክርነቱ አይሰማለትም። በሬ የሚገዛ ገበሬ እንኳ ጥርሱን ገልጦ አይቶ፣ ቀንበር መልመዱን ጠይቆ ነው ገንዘቡን የሚፈታው፤ ነገር ግን ገበሬው ቲክቶክ የሌለው ምስኪን ስለ ሆነ አንፈርድበትም።

ይህ ጥበብ ቀደም ብሎ ተገልጦ ቢሆን ኖሮ ከስንት ስሕተት በዳንን! አበበ ቢቂላን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ጎዳና በባዶ እግሩ ለድል ያበቃው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ ነበር፤ በቆጂ ላይም ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ገና በልጅነታቸው ያሠለጠነው ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። እነዚህ ሰዎች የሌላውን ሳንባና እግር ሲመረምሩ ለገዛ ክንዳቸው ጊዜ ማጣታቸው ያሳዝናል፤ ዛሬ ቢመጡ ማን ይቀጥራቸዋል?

በየጂሙ ጥግ ይዞ የሚቆም ሌላ ዓይነት አሠልጣኝም አለና ከእርሱ መሸሽ ይገባል። ገና ሳይጀመር የደም ግፊት እንዳለብዎ፣ ጉልበትዎን ሐኪም አይቶት እንደ ሆነ፣ ሌሊት ምን ያህል እንደሚተኙ በጥያቄ ያስጨንቃል፤ ከዚያም ብረት በመስጠት ፈንታ ከወንበር ላይ ተነሥተው እንዲቀመጡ ያዝዛል። ወንበርማ በቤታችንም አለ!

አንዲት በዕድሜ የገፉ እመቤት ግን ምርጫውን አሳምረውት አይቻለሁ። ክንደ ብርቱው ብረቱን አሸክሟቸው «ጉልበቴን» ቢሉት፣ «አይዞዎት ማዘር፣ በላብ ይወጣል» አለና፣ ዐይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ሁለት ብቻ ቀረ» የሚለውን ቍጥር እየደጋገመ አስቈጠራቸው። ወራቱ ዐቢይ ጾም ነበር፤ እርሱ ግን ጧት የስድስት እንቍላል ነጩን፣ ቀትር ላይ የዶሮ ፍርምባ የሚያዝዝ ወረቀት ሰጣቸው። «ጾም እኮ ነው ልጄ፤ ምስርና ሽምብራ አይሆንም?» ቢሉት፣ «ማዘር፣ ጡንቻ ጾም አያውቅም» ብሎ የሃምሳ አምስቱን ቀን ሥርዓት፣ ሲኖዶስ እንኳ በማይደፍረው ሥልጣን፣ በአንድ ቃል ሻረው። (ምስርና ሽምብራም ፕሮቲን እንዳላቸው የነገረው የለም፤ ክንድ ደግሞ አያነብም።) እመቤቲቱ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ሲመለከቱ በራስጌው ላይ የአንድ ወንድ ስም ተጽፎ አገኙ፤ ይህ የማን ነው ብለው ቢጠይቁት፣

«እሱማ ለሁሉም ያው ነው ማዘር፤ ስሙን ይሰርዙት» አላቸው።