ለ«ወተርወርልድ» የሂሳብ ሊቃውንት የቀረበ ምስጋና

በ1995 እ.ኤ.አ. ለዕይታ የበቃው «ወተርወርልድ» እስከዚያ ዘመን ከተሠሩት ፊልሞች ሁሉ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ነበር፤ 175 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ይህን ሁሉ ብር ለጀልባ፣ ለፈንጂና ለመሪ ተዋናዩ ለኬቨን ኮስትነር የዘረገፉ ሰዎች ለአንድ የአራተኛ ክፍል የሂሳብ አስተማሪ የሻይ እንኳ አልመደቡም። ቁጠባ ማለት ይህ ነው፤ ሊመሰገኑ ይገባል።

ፊልሙ ሲጀምር የዋልታ በረዶ ቀልጦ ውሃ ምድርን ሸፈናት ይለናል። ደግ። በዓለም ያለው በረዶ ሁሉ፣ የአንታርክቲካውም የግሪንላንዱም ሳይቀር፣ ቢቀልጥ ባሕሩ ከፍ የሚለው 70 ሜትር ያህል ነው። ስንቱን የወደብ ከተማ ይበላል! ለሆሊውድ ግን አነሰው። የታሪኩ ሰዎች ሲፈልጉት የኖሩት «ደረቅ ምድር» ኤቨረስት መሆኑን በረዥሙ የፊልሙ ቅጂ እናያለን፤ ሂላሪና ቴንዚንግ በ1953 ጫፉን መርገጣቸውን የሚዘክር ጽሑፍ ተተክሎበታል። ኤቨረስት 8,849 ሜትር ነው። ሰባውን ሜትር በረዶው አዋጣ እንበል፤ የቀረውን ስምንት ሺህ ምናምን ማን አዋጣ? ጉድለቱን ለመሙላት ዛሬ ካሉት ውቅያኖሶች ሁሉ ከሦስት እጥፍ የሚበልጥ አዲስ ውሃ ያስፈልጋል። ደራሲዎቹ ከየት እንዳመጡት አልነገሩንም፤ የንግድ ምስጢር ይሆናል። በእነሱ ስሌት ራስ ዳሸን ከ4,000 ሜትር በላይ ውሃ ተጭኖታል። በተፈጥሮ ስሌት ግን የደብረ ብርሃን በግ ሰኮናዋ አይረጥብም።

«ፊልም እኮ ነው!» ባዮች አይጠፉም። እውነታቸውን ነው። እንደ ዓሣ ውሃ ውስጥ የሚተነፍስ ጀግና ሲያመጡልኝ እሺ ብያለሁ፤ ለተረት አንድ ተአምር አይነፈግም። ከዚያ በኋላ ግን ተረቱ ራሱ ላወጣው ሕግ ይገዛ እንጂ! ይህ ጀግና ገና ከመታየቱ የራሱን ሽንት አጣርቶ ይጠጣል። ዙሪያው ባሕር፣ አናቱ ላይ ፀሐይ። የጨው ውሃ ተንኖ ሲንጠባጠብ ንጹሕ እንደሚሆን አረቄ የምታወጣ ባልቴት ትነግረው ነበር። ቆይቶም ሄለን የተባለችውን የታሪኩን ሴት መጥለቂያ ውስጥ አስቀምጦ የሰጠመች ከተማ ሊያስጎበኛት ይወርዳል። ኤቨረስት ደሴት ከሆነ፣ የትኛዋም ታላቅ ከተማ ቢያንስ ከአራት ሺህ ሜትር ውሃ በታች ናት፤ ግፊቱም በየአሥር ሜትሩ ይጨምራል። ሴትዮዋ ግን ደህና ሆና ትመለሳለች።

አፈር እንደ ወርቅ በሚመዘንበት በዚህ ዓለም የሲጋራ እጥረት የለም። ትምባሆው የት በቀለ? አትጠይቁ። የታሪኩ ሽፍቶች በሞተር ጀልባ ይፈነጥዛሉ፤ የተጣራ ቤንዚን በወራት ውስጥ እንደሚበላሽ ማንም አልነገራቸውም። ዋና መኖሪያቸው ደግሞ «ኤክሶን ቫልዴዝ» ናት፤ በ1989 አላስካ ላይ ዘይቷን ያፈሰሰችው፣ 300 ሜትር የምትረዝመው መርከብ። ብዙ ትውልድ አልፎም ትንሳፈፋለች፤ በመቅዘፊያ ይቀዝፏታል፤ እሷም ትሄዳለች! በታሪኩ መጨረሻ በእሳት ተቃጥላ ትሰጥማለች። እውነተኛይቱ ግን በ2012 ሕንድ፣ አላንግ ዳርቻ ላይ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጣለች።