ለእንግዳ ፋይል ዳጉ አያስፈልግም

ከሚሌ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ጭፍራ ላይ ሁለት አፋሮች ሲገናኙ ያዩ እንደሆነ ሰላምታው ቶሎ አያልቅም። ዳጉ የሚሉት የወሬ መለዋወጫ ልማድ ነው። ከየት መጣህ? በዓይንህ አየኸው ወይስ ሰማህ? ከማን? ነጋሪው የታመነ ሰው ነው? ወሬ ያዛባ ሰው ሁለተኛ አይታመንም። ኮምፒውተርዎን ቫይረስ እንዲይዘው ከፈለጉ ይህን ልማድ ከበር ውጭ ይተዉት። ግመል የጠፋበት ይጠያየቅ፤ እርስዎ ሥራ አለብዎት።

በፍላሽ ይጀምሩ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደው፣ የከተማው ሰው ሁሉ ፍላሽ በሚሰካበት ኮምፒውተር ላይ የእርስዎንም ይሰኩ። ቢሮ ተመልሰው ሲከፍቱት ፎልደሮቹ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ቢያዩ ጌጥ ነው ብለው ይለፉት። እውነተኛው ፎልደር ተደብቋል፤ በስሙ የተተካው ሾርትካት ሲነካ አስቀድሞ ተንኮለኛውን ፕሮግራም ያስነሣል፣ ከዚያ የተደበቀውን ፎልደር ይከፍትልዎታል። ደብዳቤዎ እንዳለ ስለሚያገኙት ምንም አይጠራጠሩም። አሁን ፍላሹን ለባልደረባዎ ያውሱ።

የፋይል ስም እስከ መጨረሻው አያንብቡ። ዊንዶውስም የስሙን ጭራ በመደበቅ ያግዝዎታል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 ለኢሳት ቴሌቪዥን በስካይፕ የተላከው «ጽሑፍ» መልኩ ፒዲኤፍ ነበር፤ ከስሙ ኋላ ብዙ ባዶ ቦታ ታልፎ ግን «ኢኤክስኢ» የሚል ጭራ ነበረው፤ ፕሮግራም ማለት ነው። የቶሮንቶው የጥናት ተቋም ሲትዝን ላብ ሲመረምረው የጣሊያኑ ኩባንያ ሃኪንግ ቲም ለመንግሥታት ይሸጠው የነበረ የስለላ መሣሪያ ሆኖ አገኘው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ሚኒሶታ ለነበሩት አክቲቪስት አቶ ጃዋር መሐመድ ቪዲዮ የሚጋብዝ ኢሜይል ደረሳቸው። ቪዲዮው እንዲታይ መጀመሪያ ፍላሽ ፕሌየር ያዘምኑ ይላል። ቪዲዮው ያለበት ገጽ አድራሻ የታወቀውን የኢስትአፍሮ ድረ ገጽ ይመስላል፤ የሚለየው ከነጥቡ በኋላ ባለው ብቻ ነው። እሳቸው ግን አጉል ጠያቂ ሆኑና ኢሜይሉን ለሲትዝን ላብ ላኩት፤ ተቋሙም በ2017 መጨረሻ ባወጣው ጥናት ጣቱን ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት ቀሰረ። ይህን አርአያ አይከተሉ። አዶቤ ፍላሽ ፕሌየርን በ2020 ማብቂያ ቀብሮታል፤ ዛሬ «ፍላሽ ፕሌየርዎን ያዘምኑ» የሚል መልእክት ቢመጣ ከሙት የተላከ ነውና በአክብሮት ይቀበሉት።

የሶፍትዌር ክራክ ከቴሌግራም ሲያወርዱ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» የሚል መመሪያ ያገኛሉ። ሌባ ውሻህን እሰርልኝ ሲል ለምን ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ያጥፉት።

የዊንዶውስ ዝመናም ፓኬጅ ይበላል፤ ይዝጉት። ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ፕሮግራም በሜይ 2017 ዓለምን ሲያዳርስ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ዝመና ካወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ፋይላቸው ተቆልፎ 300 ዶላር በቢትኮይን ክፈሉ ከተባሉት ብዙዎቹ ፓኬጃቸውን የቆጠቡ ናቸው።

መጠባበቂያ ቅጂ የግድ ካሉ፣ እዚያው ዴስክቶፕ ላይ «ባካፕ» የሚል ፎልደር ይክፈቱ፤ ከዋናው ጋር አብሮ ይቆለፋል። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ያለዎት እንደሆነም ሌት ተቀን እንደተሰካ ይቆይ፤ የነቀሉት ዕለት የሚተርፍ ፋይል ይኖራልና።