እዩኝ እዩኝ፣ ደብቁኝ ደብቁኝ

በከተማችን በገረሴ ምስጢር የሚቆየው ቡናው እስኪፈላ ነው። ጉሙ ጎረቤትን ከጎረቤት ይጋርዳል እንጂ ወሬን አይጋርድም። ማን ዝውውር እንደጠየቀ፣ ማን አርባ ምንጭ ወርዶ እንደተፈተነ፣ ማንስ ወድቆ ሲመለስ «ለሕክምና ነበር የሄድኩት» እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ሽማግሌዎች ዱቡሻ በምንለው መሰብሰቢያ ላይ ተቀምጠው ነገርን በአደባባይ ሲያወጡ ሲያወርዱ እያየን ያደግን ሰዎች፣ አሁን ስልካችን ላይ አቀርቅረን «ማን ያየኛል?» የሚለውን ሴቲንግ ስንነካካ እንውላለን። ሊንክድኢን ገብተናላ!

ሊንክድኢን እንግዲህ «እዩኝ፣ ቅጠሩኝ» የሚባልበት ሰፈር ነው። ሥራ ፈላጊው ከጋዜጣ ማስታወቂያ ወደ ቴሌግራም ቻናል፣ ከዚያም ወደዚህ ተሸጋገረ። የምርቃት ጋዋኑን ለብሶ የተነሳውን ፎቶ ይለጥፋል፣ በማግስቱ መደበቂያ ይፈልጋል።

ችግሩ ይህ ቤት አሳባቂ ነው። የሰው ገጽ ከፍተህ ካየህ «እገሌ አይቶሃል» ብሎ ለባለቤቱ ይናገራል። ይህ የታወቀ ዕለት ስንቱ ላብ በላብ ሆነ! ደግነቱ ስምን ደብቆ ማየት ይቻላል። ክፋቱ ደግሞ በነፃ የምንጠቀም ሰዎች ራሳችንን ስንደብቅ እኛንም ማን እንዳየን አይነግረንም። ስለዚህ ሰው ልናይ ስንገባ እንከናነባለን፣ ተመልካቾቻችንን መቁጠር ሲያምረን እንገለጣለን። የክፍል ጓደኞቼ የት እንደደረሱ ለማጣራት እኔ ራሴ ይቺን ቁልፍ ከሳሎኔ መብራት ማብሪያ አብልጬ አውቃታለሁ። አንዲት ጎረቤቴ «ስሙን የደበቀ ሰው በየሳምንቱ ገጼን ያያል፣ ማን ይሆን?» ብላ አማከረችኝ። «ዘመኑ ከፍቷል እኮ!» አልኳት ቡናዬን ፉት እያልኩ።

ሌላው ለውጥህን ለወዳጆችህ የሚያውጀው ሴቲንግ ነው። አንድ የምናውቀው ሰው የሥራ መደቡ ላይ የተሳሳተች አንዲት ፊደል አስተካከለ። እሱ ያስተካከለው ፊደል ነው፤ ለወዳጆቹ የደረሳቸው ግን አዲስ ሥራ እንደያዘ ነበር። «እንኳን ደስ አለህ! ይገባሃል!» ዘነበ። መጀመሪያ ሊያስተባብል አስቦ ነበር፤ ሙገሳው ሲበዛ ግን ደስ አለው መሰል ለሁሉም «አሜን» እያለ መለሰ። እዚህ አገር ደግሞ ሹመት ያለ ግብዣ አይጸድቅም። አርባ ምንጭ ወርዶ ጓደኞቹን አሳ አበላ። በአንድ ፊደል ያን ያህል የከፈለ ሰው አላየሁም።

ወደ ደህንነቱ ስንመጣማ ጉድ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያለው ልጅ የሰፈሩ የሳይበር አማካሪ ሆኗል። «መምህር፣ ፓስወርድ ብቻውን አይበቃም፤ ስልክዎ ላይ ኮድ ይመጣል፣ እሱን ያንብቡልኝ» ይላል። መምህር ኔትወርክ ፍለጋ መንገድ ማዶ ተሻግረዋል። ከዚያ ሆነው ቁጥሩን አንድ በአንድ ይጮኻሉ፤ ልጁ ሲሳሳት ባጃጅ ሹፌሩ «ሰባት ነው ያሉት!» ብሎ ያርመዋል። በመጨረሻ ልጁ «ይህን ኮድ ለማንም እንዳይናገሩ» ሲላቸው፣ «ኧረ ለማን እናገራለሁ!» አሉ፤ እሱንም ከማዶ ሆነው።

በኮድ ላይ ኮድ የሚያስጨምረው ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሊንክድኢን ተሰብሮ 6.5 ሚሊዮን ያህል ፓስወርድ ወጣ ተባለ፤ በ2016 ጉዱ ሲዘረገፍ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኘ። ከተዘረፉት ፓስወርዶች ውስጥ በብዛት አንደኛ የወጣው ማን ሆነ? 123456። እኛ ብቻ መስሎኝ ሳፍር ኖሬ፣ ለካ ዓለም ሁሉ የገረሴ ልጅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የምንለጥፈውን ጽሑፍ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማስተማሪያ የሚፈቅደው ሴቲንግ፣ በብዙ አገር ማንም ሳይጠየቅ በርቶ ተገኘ። አንድ ወጣት ሰማይ ምድሩን ደበላለቀው፤ «ያለ ፈቃዴ ጽሑፌን!» አለ። ያን «ጽሑፌ» የሚለውን ያዘጋጀለት ቻትጂፒቲ ነው። ሴቲንጉን አጠፋና በዚያው ቁጣ ዲግሪውን እስከ ማኅተሙና መለያ ቁጥሩ ገጹ ላይ ለጠፈው፤ ለመተማመኛ።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ቆየ እኮ። እኛ ግን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተፈታኞች ስም ከነውጤታቸው ሲለጠፍ እየተጋፋን እናነባለን፤ የራሳችንን ካገኘን በኋላ የጎረቤትን ለማየት ትንሽ እንቆያለን። ሰሌዳው ማን እንዳየህ አይናገርም፤ በዚህ በዚህ ከሊንክድኢን ይሻላል።

የሁሉም ቁንጮ ግን አንድ የመሥሪያ ቤት ባለሙያ ነው። ሊንክድኢን ላይ ሥራ መፈለግህን ለሁሉም ማሳወቅና ለቀጣሪዎች ብቻ ማሳወቅ የሚባሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ። የመጀመሪያው ፎቶህን አረንጓዴ ቀለበት ያስርልሃል፤ ሁለተኛው በድብቅ ነው፤ ያም ቢሆን ሊንክድኢን ራሱ ከአለቃህ ሙሉ በሙሉ እሰውርሃለሁ ብሎ አይምልም። ሰውየው ሁለተኛውን መረጠ። የወዳጆቹን ዝርዝር ዘጋ፣ አለቃውን ብሎክ አደረገ፣ የሚወጡ ኖቲፊኬሽኖችን ሁሉ አጠፋ። እውነትም ቀጣሪ ተገኘና «የሥራ ልምድ ማስረጃ ይዘህ ና» አለው።

ማስረጃው የሚጻፈው ሰው ሀብት ነው፣ የሚፈርመው አለቃው ነው፣ ማኅተሙ ያለው መዝገብ ቤት ነው። ሦስቱም ጋ ሄዶ «ለባንክ ብድር ነው» አለ። አለቃው አንብቦ ምንም ሳይል ፈረመ። ከዚያ ተነስቶ በሩን ገፋ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ስማ፣ እዚያ የሚፈልጉት አንድ ሰው ብቻ ነው እንዴ?» አለው።