ሻይ እምቢ ያለው እንግዳ

ፈረንጅ «አልወደውም» ማለት ሲያፍር በሻይ ያመካኛል። «ናት ማይ ካፕ ኦፍ ቲ» ካላችሁ፣ ነገሩ አልጣመውም ማለት ነው። ለንደን ላይ ያዋጣ ይሆናል፤ ሊሙሩ ላይ ግን አያዋጣም። ከናይሮቢ ወጣ ብላ ያለችው ሊሙሩ፣ በፈረንጆች 1903 ከሕንድ የመጣው ሻይ በኬንያ መጀመሪያ የተተከለባት ናት፤ ዛሬም ኮረብታዋ ሁሉ እንደተከረከመ ፀጉር ለስልሶ ሻይ ነው።

የአክስቴ ልጅ ኢስሊ ተቀምጦ ወደ ውጭ የሚሄድበትን ፕሮሰስ ይጠብቃል። ኢስሊ ሰው አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ብቻ ይዞ ዓመታት የሚኖርበት የናይሮቢ ሰፈር ነው፤ እሱ ግን ለኢንተርቪው ይጠቅመኛል እያለ ከስልኩ እንግሊዝኛ ይሸመድዳል። ያቺን ሐረግ ካገኛት ወዲህ፣ ሙዚቃ ላስጮኸ የማታቱ፣ የሚኒባስ ታክሲ፣ ረዳት ሳይቀር ይላታል።

አንድ የሁዳዴ ቅዳሜ ኪኩዩ ወዳጄ ሊሙሩ አያቱ ቤት ወሰደን። መጀመሪያ የቀረበው ሙቱራ ነበር፤ ሥጋና ደም የተሞላ፣ ከሰል ላይ የተጠበሰ አንጀት። ጾሙን እንኳ ተዉት፣ ደም! ልጁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሐረጓን ለቀቃት። ሾሾ፣ አያትን እንዲያ ነው የሚሉት፣ እንግሊዝኛቸው እምብዛም ነው፤ ከሁሉም «ቲ»ን ያዙና ብድግ አሉ።

የኬንያ ሻይ እንደኛ ቅርንፉድና ቀረፋ ብቻ አይደለም። ቅጠሉ ከነወተቱ አንድ ሱፉሪያ፣ ድስት፣ ውስጥ ይንተከተካል። ኩባያው እስካፉ ሞልቶ፣ ስልባቦት ጥሎ መጣ። ልጁ ፕሮሰሱ እንዲያልቅለት ሁዳዴን ሳያጓድል ሊጾም ተስሏል። ስልባቦቱን አየ፤ እኔን አየ። እኔ የግድግዳውን ካላንደር አነባለሁ፤ የኔውን ወተት ከሌሎቹ ኃጢአቶቼ ጋር ደርቤ ጨልጬዋለሁ።

ሐረጓን ደገማት፣ አሁን ጮክ አድርጎ። ሾሾ ኩባያው ያነሰው መሰላቸውና ትልቁን አመጡ፤ ማንዳዚም፣ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ ጨመሩበት። የልጅ ልጆቻቸው እንግሊዝኛውን ከእኛ አስበልጠው ያውቁታል፤ ግን አፋቸውን አፍነው ይስቃሉ እንጂ ማን ያስተርጉም!

በመጨረሻ ያዳነችው የኢስሊ ሱቅ ስዋሂሊ ናት። «ማዚዋ፣ ሃፓና!» አለ፤ ወተት፣ የለም። ወዳጄም ያን ጊዜ አዝኖለት ስለ ጾሙ አስረዳ። ሾሾ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና ቻይ ያ ራንጊ፣ ወተት ያልነካውን፣ ቀዱለት። ሦስት ጊዜ አስቀዳ።

ስንወጣ ግን ጾሙ እንደ ረመዳን ማታ የሚፈታ መስሏቸው ኖሮ፣ አንድ ጀሪካን ወተት አሸከሙት። የሽማግሌ ስጦታ አይመለስም። ማታቱ ውስጥ ጉልበቱ ላይ አቅፎ፣ በየጉብታው ክዳኑን እየጨበጠ ኢስሊ አደረሰውና ለሶማሌዋ ጎረቤታችን ሰጠ። መረቁት። ማታ በራችን ተንኳኳ፤ ልጃቸው ናት፣ ትልቅ ፍላስክ ይዛለች። ከፈትነው፤ ሄል የገባበት ሻይ ነው፣ በወተት።