ስለ ሁለቱ ባላዎች፦ የጓሮ ጂም ሥነ ሕንጻ

በአዲስ አበባ አንዳንድ ግቢዎች ጓሮ፣ በውሃ በርሜሉና በዶሮ ቤቱ መካከል፣ ሁለት ባላዎች ትይዩ ተተክለው ይታያሉ። ጣሪያ አልተደገፈባቸውም፤ አጥርም አይደሉም። ከሺህ ዓመት በኋላ የሚቆፍራቸው የሥነ ቅርስ ባለሙያ የመሥዋዕት ቦታ አገኘሁ ማለቱ አይቀርም። በመካከላቸው ባለው አግዳሚ ላይ በጀርባው ተንጋሎ የሚያቃስተውን ወጣት ቢያይ ደግሞ ጥርጣሬው ሁሉ ይለቀው ነበር። መዋቅሩ ግን የብረት ማሳረፊያ ነው። ልብስ ማስጫም ስለመሆኑ ብዙ ስለተባለ እዚህ አንመለስበትም።

ባላዎቹ የሚቆረጡበት ባህር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ክብደት ማንሳትም እ.ኤ.አ. በ1896 በአቴንሱ ኦሊምፒክ ከውድድሮቹ አንዱ ነበር። የሁለቱ መገጣጠም እንዲያው አጋጣሚ ነው የሚሉ አሉ፤ የዚህ ጥናት አጥኚም ከእነሱ አንዱ ነው። ኢትዮጵያ ከኦሊምፒክ ያመጣችው ሜዳሊያ በሙሉ የተገኘው በሩጫ ስለሆነ፣ የባህር ዛፉ ድርሻ እስካሁን እንጦጦ ላይ ለሯጮች ጥላ ከመሆን አላለፈም።

ወደ ግንባታው እንለፍ። አጣና ነጋዴ የሚኮራው ቀጥ ባለው እንጨቱ ነው። ባላ ፈላጊው የሚመርጠው ነጋዴው ወደ ጥግ የጣለውን ስለሆነ በዋጋ ክርክር ላይ የበላይነት አለው። መሬት የሚገባው ጫፍ ምስጥ እንዳይደፍረው የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። ግቢው ሲሚንቶ ከሆነ፣ ወይም አከራይዋ «ቤቴን ልትቆፍረው ነው?» ካሉ፣ ባላው አሮጌ ጎማ ውስጥ ቆሞ ዙሪያው በኮንክሪት ይሞላል። እርጥብ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። መሬቱ መረሬ ከሆነ ደግሞ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፊት ለፊት የተተከሉት ባላዎች ዓመት ሳይሞላቸው እንደተኳረፉ ጎረቤታሞች ፊታቸውን ያዞራሉ።

ባላን ኋላቀር የሚል ሌላ ወገን አለ፤ እሱ በሞራሌ ይሠራል። ብረቱ የሚያርፍበትን ቁራጭ እንጨት በሚስማር ይመታና ጨረስኩ ይላል። ሚስማር ግን ሸክሙ በመጣ ቁጥር ጥቂት በጥቂት ይጎብጣል። ቁራጩን የሚሸከም ሌላ እንጨት ከሥሩ እስከ መሬት ቢቆም፣ መጋጠሚያውም በብሎን፣ በሮንዴላና በዳዶ ቢታሰር ነገሩ ባለቀ ነበር። ይህን የሚያውቁ አናጢዎች በየሰፈሩ አሉ። አይጠየቁም።

የጥናቱ እምብርት ግን ጣሳው ነው። የውሃ ቱቦ ጫፍ የቀለም ጣሳ ውስጥ ይቆምና ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ይሞላበታል። ሲጠነክር ይገለበጥና ሌላኛው ጫፍ ይከተላል። ኮንክሪት በሊትር 2.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ ባለ 4 ሊትሩ ጣሳ ወደ 10 ኪሎ ይጠጋል። ግራውን ባለቤቱ፣ ቀኙን ጓደኛው ካቦካው፣ አንዱ ጠጠር ሲያበዛ ሌላው አሸዋ ስለሚያበዛ ሚዛኑ ይለያያል። የሰፈሩ ጎረምሶች አንድ ክንዳቸው የሚወፍርበትን ምክንያት የሚፈልግ ተመራማሪ ከዚህ ይጀምር። ቱቦው ጣሳው መሐል ሳይቆም ከቀረ ደግሞ ብረቱ እጅ ውስጥ በራሱ ይሽከረከራል፤ ይህም የእጅ አንጓ ልምምድ ተብሎ ይመዘገባል። ኮንክሪት ሙሉ ጥንካሬውን እንዲይዝ 28 ቀን ይጠበቃል፤ ጎረምሳ ግን እስከ ማግሥቱ ይጠብቃል። ጣሳው አንዴ ከጠነከረ ክብደት መጨመርም መቀነስም ስለማይቻል፣ እድገት የሚገኘው ከቀለም ጣሳ ወደ ቀለም ባልዲ በመሸጋገር ነው። መለኪያውም ኪሎ መሆኑ ቀርቷል። «ባልዲ ይገፋል» የተባለ ሰው በሰፈሩ መንገድ ይለቀቅለታል።

የቀረው የደኅንነት ጉዳይ ነው። የኦሊምፒክ ብረት ትልቁ ክብደት ዲያሜትሩ 45 ሴንቲ ሜትር ነው። መሬት ላይ ተኝቶ የሚገፋ ሰው ቢያቅተው፣ ቱቦው ከመሬት ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሚቆም አንገቱ ይተርፋል። የጣሳው ዲያሜትር ግን የ45 ሴንቲ ሜትሩን ግማሽ እንኳ አይሞላም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከአግዳሚው ግራና ቀኝ፣ ከደረት ጥቂት ዝቅ ብለው፣ ብረቱን የሚቀበሉ ሁለት አጫጭር ባላዎች መትከል። የሚተክል የለም፤ አጭር ባላ የተከለ ሰው እንደማይችል አስቀድሞ ያመነ ይመስላል። በባላዎቹ ፈንታ ከራስጌ አንድ ጓደኛ ይቆማል። እናት በበኩላቸው ከኩሽና በር ላይ ሆነው፣ «አንተ ልጅ፣ ጀርባህ ሲሰበር ማን ሊያስታምምህ ነው?» ይላሉ፤ በአጥኚው አስተያየት በመስኩ እስካሁን የተነሳው ጥያቄ ይኸው ብቻ ነው።

ብረቱ ደረት ላይ የቀረ ዕለት ጓደኛው ቱቦውን በሁለት ጣት ይነካል፤ ከዚያ «የመጨረሻዋ ተቆጥራለች አልተቆጠረችም» የሚል ክርክር ይነሳል። ጎረቤት ይጠራል፣ ምስክር ይሰማል፣ ጣት መነካካት እንደ እርዳታ ይቆጠር እንደሆነ ይመረመራል። ከሥር ያለው ወገን ድምፅ ስለሚያጥረው በክርክሩ አይሳተፍም። አልተቆጠረችም ተብሎ ሲወሰን ብረቱ ይነሳለታል።